ከሌላ ወገን መጥቶ አይሁዳዊ የሆነ ሰው እስከ ምን ድረስ ያገለግላል?

አይሁዳዊ መሆን የሚቻለው በመወለድ ብቻ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። እንዲህ አይደለም። ከሌላ ሕዝብና ከሌላ እምነት የመጣ ሰው ወደ ይሁዲነት የሚገባበት መንገድ ከጥንት ጀምሮ አለ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ በዚያ ሥርዓት ያለፈ ሰውም በሃይማኖቱ ሕግ ሙሉ አይሁዳዊ ነው። የንጉሥ ዳዊት ቅድመ አያት ሩት ሞዓባዊት እንደነበረች መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። አይሁድ ኦሪት የተሰጠችበትን ቀን በሚያከብሩበት በሻቩዖት በዓል በምኩራብ የሚያነቡት የዚህችኑ ሴት መጽሐፍ ነው።

ጥያቄው የሚከብደው ከገቡ በኋላ ነው። በዕብራይስጥ ጌር የሚባለው ይህ ሰው ጸሎት መምራት ይችላል? ምስክር ይሆናል? ረቢ ወይም ዳኛ ይሆናል? ካህንስ? ለእነዚህ ጥያቄዎች አይሁድ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ መልስ ሲሰጡ ኖረዋል፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም። እኔ እንደማየው፣ በሕጉ ውስጥ የተዘጉት በሮች ሰው ከሚገምተው ያነሱ ናቸው። ዛሬ ጌሩን በእውነት የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ አገባቡ። አይሁድ ሰዎችን ወደ እምነታቸው ለማምጣት አይሰብኩም። በትምህርታቸው መሠረት ከአሕዛብ ወገን የሆነ ሰው በአምላክ ፊት ጻድቅ ለመሆን የግድ አይሁዳዊ መሆን አያስፈልገውም፤ ለኖኅ ልጆች ሁሉ ተሰጡ የሚሏቸውን 7 ትእዛዛት ጠብቆ ቢኖር ይበቃዋል። ስለዚህ ልግባ ብሎ የመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ ምን አይተህ መጣህ የሚል ነው። ታልሙድ የተባለው የሊቃውንቱ የሕግና የትውፊት መጽሐፍ ይባሞት በተባለው ክፍሉ የአቀባበሉን ሥርዓት አስቀምጦታል። ለመጣው ሰው እስራኤል የተሰደደ፣ የተገፋና መከራ የማይለየው ሕዝብ እንደሆነ ይነገረዋል። ይህን አውቃለሁ፣ እንዲያውም የሚገባኝ ሰው አይደለሁም ብሎ ከመለሰ ግን ሳይዘገይ ይቀበሉታል። ከቀላሉም ከከባዱም ትእዛዝ ጥቂት ጥቂቱን ያስተምሩታል፤ እንዳይከብደው ግን አያበዙበትም። ኑኃሚን ሩትን ተመለሺ ያለቻት 3 ጊዜ ነው በሚል፣ ረቢው አመልካቹን 3 ጊዜ የሚመልስበት ልማድም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ይነገራል።

በዘመናችን ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሰውየው የሰንበትን አጠባበቅ፣ የምግቡን ሕግ፣ በዓላቱን፣ ጸሎቱንና የዕብራይስጥ ንባብ ይማራል፤ ከአንድ ምኩራብ ማኅበር ጋር ሰንበትና በዓል እያከበረ ይቆያል። ሲዘጋጅ 3 ዳኞች ባሉት ቤት ዲን በሚባል የሃይማኖት ችሎት ፊት ይቀርብና ትእዛዛቱን እንደተቀበለ ይናገራል። ወንድ ከሆነ ይገረዛል። አስቀድሞ የተገረዘ ከሆነ፣ ለምሳሌ በ8ኛው ቀኑ የተገረዘ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ቢሆን፣ ግዝረቱ በአይሁድ ኪዳን ስም የተፈጸመ ስላልነበረ አንድ ጠብታ ደም ይወሰድለታል። የመጨረሻው ነገር ሚክቬ ውስጥ መጥለቅ ነው። ሚክቬ የዝናብ ወይም የምንጭ ውሃ የተጠራቀመበት ገንዳ ሲሆን መጠኑ ከ40 ሰአ ማነስ የለበትም፤ ሰአ የጥንት መስፈሪያ ነው። በሰውነትና በውሃ መካከል ምንም እንዳይገባ ቀለበቱም የጥፍር ቀለሙም ይወገዳል። ለሴት ከውሃው አጠገብ የሚቆሙላት ሴቶች ናቸው፤ ዳኞቹ በማያዩበት ቦታ ሆነው ይሰማሉ።

ከውሃው የወጣው ሰው በታልሙድ አነጋገር እንደ ተወለደ ሕፃን ነው። አዲስ የዕብራይስጥ ስም ይወጣለታል፤ የአባት ስም ሲጠየቅም የአባታችን የአብርሃም ልጅ ተብሎ ይጻፋል። ሴትም እንዲሁ። ኦሪት ለማንበብ ሲጠሩት፣ የጋብቻ ውሉ ሲጻፍ፣ ሲሞትም በመቃብሩ ድንጋይ ላይ በዚህ ስም ይጠራል። ይህ ማለት ግን ወላጆቹን ይረሳል ማለት አይደለም። በ12ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረው ታላቁ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ፣ ጌሩ አይሁዳዊ ያልሆነ አባቱን እንዳይረግምና እንዳያዋርድ፣ የተወሰነ አክብሮትም እንዲያሳየው ደንግጓል። ይህን ማወቅ ለቤተሰብ ትልቅ እረፍት ነው፤ ልጃችን ከእኛ ተቆረጠ ብለው የሚያዝኑ ወላጆች ጥቂት አይደሉምና።

አንድ ሌላ ነገርም መታወቅ አለበት። በትክክል የገባ ሰው ተመልሶ አይወጣም። ኃጢአት ቢሠራ ኃጢአተኛ አይሁዳዊ ነው፤ ወደ ቀድሞ እምነቱ ቢመለስ እንኳ ጋብቻው እንደ አይሁዳዊ ጋብቻ ይቆጠራል። የታልሙዱ ቃል በዚህ ላይ ግልጽ ነው።

ሕጉ ማኅበሩንም ያዝዛል። መጻተኛን ውደዱ የሚለው የኦሪት ትእዛዝ በሊቃውንቱ አተረጓጎም ጌሩን ያጠቃልላል። ጌርን አታስጨንቁ የሚለው ማስጠንቀቂያ በኦሪት 36 ጊዜ፣ እንደ ሌሎች ቆጠራ 46 ጊዜ እንደተደጋገመ ታልሙድ ይናገራል። ጥንት ምን ታመልክ እንደነበር ረሳኸው ብሎ ማሳፈርም የተከለከለ ነው። በዘወትር ቀናት 3 ጊዜ በሚደርሰው የቁም ጸሎት ውስጥ ደግሞ 13ኛው ምስጋና ጻድቃንንና ሽማግሌዎችን ሲያነሣ ጌሮችንም አብሮ ያነሣል።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። ጌር የሆነ ወንድ ለማኅበር ጸሎት ከሚያስፈልጉት 10 ሰዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ኦሪት ለማንበብ ይጠራል። የኦሪትን ጥቅልል በእጁ የሚጽፍ ጸሐፊ፣ በሕጉ መሠረት ከብት የሚያርድ አራጅ፣ በአዲስ ዓመት ቀንደ መለከት የሚነፋ፣ ሕፃናትን የሚያስተምር መምህር ሊሆን ይችላል። በጋብቻ ላይ ምስክር ሆኖ ይፈርማል። ሕጉን እንደ ጥንቱ በሚጠብቁት ኦርቶዶክስ አይሁድ ዘንድ ለሴቶች የተወሰነው ድርሻ ለተወለደችዋም ለገባችዋም ያው ነው።

ጸሎት መምራት ላይ ግን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ የጥያቄው ታሪክ ደስ የሚል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የአይሁድ ጸሎት አምላካችንና የአባቶቻችን አምላክ እያለ ይጀምራል። አባቱ አይሁዳዊ ያልነበረ ሰው ይህን ሲል ይዋሻል ወይ? ሚሽና የተባለው የጥንቱ የሕግ ስብስብ በአንድ ክፍሉ ጌር የእርሻውን በኵራት ወደ ቤተ መቅደስ ያመጣል፣ ነገር ግን ለአባቶቻችን የተማለው ምድር የሚለውን ቃል አይናገርም ይላል። ሲጸልይም የእስራኤል አባቶች አምላክ እንዲል ያዘዋል። የኢየሩሳሌም ታልሙድ ግን የረቢ ይሁዳን ተቃራኒ ሐሳብ ይዟል። አብርሃም የብዙ አሕዛብ አባት ተብሏል፤ ስለዚህ ጌሩም አባቴ ማለት ይችላል።

ይህ ልዩነት ከመጻሕፍት ወጥቶ የአንድን ሰው ሕይወት የነካው በማይሞኒደስ ዘመን ነው። ዖባድያ የሚባል ጌር ጻፈለት። ምኩራብ ውስጥ ስቆም የአባቶቻችን አምላክ ልበል? ከግብፅ ያወጣኸን ልበል? ለአባቶቻችን ተአምር ያደረግህ ልበል? ሲል ጠየቀ። ማይሞኒደስ የሰጠው መልስ ሁሉንም እንደተጻፈው በል፣ አንዲት ቃል አትለውጥ የሚል ነበር። ወደዚህ እምነት የሚገባ ሁሉ እስከ ዓለም ፍጻሜ የአብርሃም ልጅ ነው አለው። ከግብፅ መውጣትንና ተአምራቱን በሚናገሩት ቦታዎች ብቻ እስራኤልን ያወጣህ ብትል ትችላለህ፣ ባትለውጠውም ምንም አይጎድልብህም ብሎ ነፃነት ሰጠው። ከዚያም አልፎ የተወለዱት አይሁድ ዘራቸውን ወደ አብርሃምና ይስሐቅ ሲቆጥሩ የዖባድያ የዘር ሐረግ ግን ዓለምን በቃሉ ወደ ፈጠረው እንደሚደርስ ጽፎለታል። በሌላ ደብዳቤ ደግሞ ዖባድያን ሞኝ ብሎ የሰደበው መምህሩ ይቅርታ እንዲጠይቀው አዝዟል። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ይለምን ማለት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

እነዚህ ደብዳቤዎች ለአንድ ብቸኛ ሰው የተጻፉ ናቸው፤ ውጤታቸው ግን ሕግ ሆነ። በ16ኛው መቶ ዓመት ዮሴፍ ካሮ ያዘጋጀው ሹልሐን አሩኽ የተባለው የሕግ መጽሐፍ፣ ጌር ጸሎት እንዳይመራ የሚከለክሉ እንደነበሩ ጠቅሶ ሐሳባቸው ተቀባይነት እንዳላገኘ ይገልጻል። ስለዚህ ጸሎት መምራት ለጌር ተከፍቷል፤ በዚህ ላይ ዛሬ ክርክር የለም ማለት ይቻላል። ከማይሞኒደሱ ዖባድያ ሌላ፣ በ1102 ወደ ይሁዲነት የገባ ሌላ ዖባድያም ነበር። የተወለደው በደቡብ ጣሊያን ከኖርማን ወገን ነው። በካይሮው የምኩራብ መዝገብ ቤት ከተገኙት ብራናዎች መካከል እርሱ በምልክት የጻፈው የዕብራይስጥ መዝሙር ዜማ አለ፤ እስካሁን ከታወቁት በኖታ ከተጻፉ የዕብራይስጥ ዜማዎች የመጀመሪያው ነው። የመጣበትን አገር የዜማ አጻጻፍ ይዞ ገብቶ ለአዲሱ ሕዝቡ አገለገለበት።

ክርክሩ የሚበረታው ሥልጣን ላይ ስንደርስ ነው። ኦሪት ዘዳግም ስለ ንጉሥ ሲናገር ከወንድሞችህ መካከል እንዲሆን ያዛል። ሊቃውንቱ ይህን ቃል ከንጉሥ አልፈው በሰዎች ላይ አስገድዶ ማዘዝ ለሚችል ሹም ሁሉ አዋሉት። ማይሞኒደስ ሲዘረዝር የጦር አለቃውን ብቻ ሳይሆን ውሃ ለየእርሻው የሚያከፋፍለውን ሰው ጭምር ጨምሯል። በእኛ ገጠር የውሃ አባት የምንለው መሆኑ ነው። ከወላጆቹ አንዱ በተለይም እናቱ በትውልድ እስራኤላዊት ከሆነች ግን እገዳው ይነሣል። ስለዚህ ክልከላው የሚመለከተው የገባውን ሰው ራሱን ነው፤ ከእስራኤላዊት የወለዳቸውን ልጆች አይከተላቸውም።

ይህ ሕግ በሰዎች ልብ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ሚሽና በአንድ ታሪክ ያሳያል። በየ7 ዓመቱ በዳስ በዓል ሕዝቡ በቤተ መቅደሱ ይሰበሰብና ንጉሡ ከኦሪት ዘዳግም ያነብለት ነበር። ንጉሥ አግሪጳ፣ የሄሮድስ ዘር የሆነው፣ ቆሞ ሲያነብ ባዕድ ሰው በላይህ አታንግሥ ከሚለው ስፍራ ደረሰ። ቤተሰቡ ከኤዶማውያን የመጣ ነው፤ ኤዶማውያን ደግሞ በዮሐንስ ሂርቃኖስ ዘመን ተገደው ወደ ይሁዲነት የገቡ ናቸው። ንጉሡ አለቀሰ። ሕዝቡም ወንድማቸው እንደሆነ እየደጋገመ ጮኸ። በኋላ የመጡ የታልሙድ ሊቃውንት ሕዝቡ ንጉሡን ሸነገለ ብለው አጥብቀው ነቅፈዋል። እኔ ግን ሚሽና ይህን ጩኸት ሳይነቅፍ መመዝገቡን ትልቅ ነገር አድርጌ አየዋለሁ። በሕጉ ቃልና በሕዝቡ ድምፅ መካከል ያለው ክፍተት ሳይሸፈን ለትውልድ ተላለፈ።

ታዲያ ረቢነት ሥልጣን ነው ወይስ አገልግሎት? ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚህ ነው። የጥንቱ ታሪክ ራሱ ወደ አንድ ወገን አያዘነብልም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የታላቁ ሸንጎ መሪዎች የነበሩት ሸማያና አብጣልዮን፣ የታላላቆቹ ሊቃውንት የሂሌልና የሻማይ መምህራን፣ ከጌሮች ወገን እንደሆኑ ይነገራል። ታልሙድ እንደሚተርከው አንድ ጊዜ የማስተሥረያ ቀን ሲያበቃ ሊቀ ካህናቱን አጅቦ የሚሄደው ሕዝብ ሁለቱን መምህራን ሲያይ ሊቀ ካህናቱን ትቶ እነርሱን ተከተለ። ሊቀ ካህናቱ ተናዶ የአሕዛብ ልጆች ብሎ በሽሙጥ ተሰናበታቸው። እነርሱም የአሮንን ሥራ የሚሠራ የአሕዛብ ልጅ ሥራውን ከማይሠራ የአሮን ልጅ እንደሚሻል መለሱለት። እንዲህ ያሉ ሰዎች እንዴት በሸንጎው ላይ ተቀመጡ ሲባል፣ አንዳንዶች የጌርነቱ ታሪክ የአያቶቻቸው እንጂ የራሳቸው አይደለም ይላሉ፤ ሌሎች ሕዝቡ ወዶና ፈቅዶ ከተቀበለ እገዳው አይጸናም ይላሉ። ከጌሮቹ ሊቃውንት መካከል ዖንቀሎስም አለ። ኦሪትን ወደ አረማይክ ቋንቋ የመለሰው እርሱ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል፤ አይሁድ የሳምንቱን ምንባብ ሲያጠኑ ዛሬም ትርጉሙን ከዕብራይስጡ ጎን ያነባሉ።

በ20ኛው መቶ ዓመት በኒው ዮርክ የኖረው ረቢ ሞሼ ፋይንስታይን፣ በኦርቶዶክሱ ዓለም ቃሉ ከሚደመጥላቸው ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ፣ ጌር የዬሺቫ ማለትም የኦሪት ትምህርት ቤት ኃላፊ ሊሆን ይችላል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። መልሱ ይችላል ነበር። እንዲህ ያለው ኃላፊነት በዘመናችን የማስተማር ሥራ እንጂ የግዳጅ ሥልጣን አይደለም፤ ጌርን ውደዱ የሚለው ትእዛዝም በተቻለ መጠን እንድናቀርባቸው ያስገድደናል አለ። በዚህ አካሄድ የምኩራብ ረቢም ማኅበሩ መርጦ የሚቀጥረው አስተማሪ ነው። በእርግጥ ጠበቅ አድርገው የሚያዩ ረቢዎች አሉ፤ ጌር የሆኑ ኦርቶዶክስ ረቢዎች ግን በተለያየ አገር ያገለግላሉ።

ዳኝነቱ ከዚህ ይጠብቃል። ጌር በሌላ ጌር ላይ ይፈርዳል፤ አዳዲስ ጌሮችን በሚቀበል ችሎት ላይም ሊቀመጥ ይችላል። በትውልድ አይሁዳዊ በሆነ ሰው ላይ በገንዘብ ጉዳይ መፍረዱ በሊቃውንቱ መካከል አከራካሪ ነው። ቤተ መቅደሱ ቆሞ ሳለ የሞት ፍርድ ይሰጥ በነበረው ችሎት መቀመጥ ግን አይችልም ነበር። ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው ሚስት ከባሏ ወንድም የምትለያይበትን የጫማ ማውለቅ ሥርዓት የሚዳኝ ችሎት ላይም አይቀመጥም።

ክህነት ጨርሶ ሌላ ጉዳይ ነው። የአይሁድ ክህነት ተምረው ወይም ተሹመው የሚያገኙት ማዕረግ አይደለም። ከአሮን ዘር በአባት በኩል መወለድ ብቻ ነው መንገዱ። ስለዚህ ጌር ካህን አይሆንም፤ ሌዋዊም አይሆንም። በትውልድ አይሁዳዊ የሆነው እጅግ የሚበዛው ሕዝብም እንዲሁ አይሆንም። በዚህ ረገድ ጌሩ ከብዙኃኑ እስራኤል ጋር እኩል ቆሟል።

የሚያሳምመው ከክህነት ጋር የተያያዘው የጋብቻ ሕግ ነው። ከአሮን ዘር የሆነ ወንድ ጌር የሆነችን ሴት እንዳያገባ በኦርቶዶክሱ ሕግ ተከልክሏል። ሴቲቱ የቱንም ያህል ጻድቅ ብትሆን ለውጥ የለውም። ብዙ ሴቶች ይህን የሚሰሙት ከገቡ በኋላ፣ አንዳንዴም ከታጩ በኋላ ነው። በእስራኤል አገር የአይሁድ ጋብቻ ዋናው ረቢነት በሚባለው የመንግሥት የሃይማኖት ተቋም እጅ ስለሆነ እንዲህ ያሉ ጥንዶች ወደ ቆጵሮስ ሄደው በሲቪል ሕግ ተጋብተው ይመለሳሉ፤ መንግሥት ይመዘግብላቸዋል። ተሐድሶ (ሪፎርም) የሚባለው የአይሁድ ንቅናቄ ይህን ክልከላ ትቶታል። ወግ አጥባቂ የሚባለው መካከለኛው ንቅናቄም ረቢዎቹ እንዲያጋቡ መንገድ ከፍቷል። በእኔ እምነት፣ ወደ ይሁዲነት ልትገባ የምትዘጋጅ ሴትን የሚያስተምር ማንኛውም ረቢ ይህን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊነግራት ይገባል።

በእነዚህ ሁለት ንቅናቄዎች ዘንድ ለጌር የተዘጋ የአገልግሎት በር የለም፤ ሴቶችም ረቢ ይሆናሉ። አሊሳ ስታንተን በክርስቲያን ቤተሰብ ያደገች አፍሪካ አሜሪካዊት ናት። በ20ዎቹ ዕድሜዋ ወደ ይሁዲነት ገባች፤ በ2009 በአሜሪካ የተሐድሶው ትምህርት ቤት ረቢ አድርጎ ሾማት፤ ከአፍሪካ አሜሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ረቢ ሆነች። አንጀላ ቡክዳል የተወለደችው በሴኡል ከኮሪያዊት ቡድሂስት እናትና ከአሜሪካዊ አይሁዳዊ አባት ነው። የተሐድሶው ንቅናቄ ከ1983 ጀምሮ በአባትም ስለሚቆጥር አይሁዳዊነቷን አምኖላታል። እርሷ ግን በ21 ዓመቷ ፈቅዳ በኦርቶዶክስ ሥርዓት ሚክቬ ገባች። በ1999 የዜማ መሪ፣ በ2001 ረቢ ሆና ተሾመች፤ ከ2014 ጀምሮ በኒው ዮርክ ከታወቁት ምኩራቦች አንዱ የሆነውን ሴንትራል ሲናጎግን በዋና ረቢነት ትመራለች።

ከራሳችን ከምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ አባዩዳያ የሚባሉት የኡጋንዳ አይሁድ አሉ። ሰሜይ ካኩንጉሉ የተባለ የጦር መሪ መጽሐፍ ቅዱስን እያነበበ በራሱ መርምሮ በ1919 ራሱንና ልጆቹን ገረዘ፤ በምባሌ አካባቢም ተከታዮቹን ሰብስቦ ሰንበትን ማክበር ጀመረ። ኢዲ አሚን የአይሁድን አምልኮ ሲያግድ ማኅበሩ ተመናመነ፤ ጥቂቶች ግን በስውር ጠብቀው ቆዩ። በ2002 ከወግ አጥባቂው ንቅናቄ የመጡ ረቢዎች በዚያው በኡጋንዳ ችሎት ተቀምጠው የማኅበሩን ሰዎች በሥርዓት ተቀበሉ። የማኅበሩ ልጅ ገርሾም ሲዞሙ ሎስ አንጀለስ ተምሮ በ2008 ረቢ ሆኖ ተመለሰ፤ በ2016 ደግሞ የኡጋንዳ ፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠ። በአገሩ አዳዲስ ጌሮችን በሚቀበል ችሎት ላይም ተቀምጧል። ጌር ጌርን ይዳኛል የሚለው የታልሙድ ቃል እንዲህ በምባሌ ኮረብታ ላይ ሥራ ላይ ዋለ።

ከላይ ያቆየሁት ነገር አሁን ይመጣል። ለዘመናችን ጌር ትልቁ ጭንቀት ምን ማገልገል እችላለሁ የሚለው አይደለም። የተቀበለኝን ችሎት ማን ያውቀዋል የሚለው ነው። የተሐድሶው ችሎት የሰጠውን ምስክር ወረቀት ኦርቶዶክሱ አይቀበልም። ኦርቶዶክስ ሆነውም እንኳ የእስራኤል ዋና ረቢነት የማይቀበላቸው የውጭ አገር ረቢዎች አሉ። አይሁድ ወደ እስራኤል ገብተው ዜጋ የሚሆኑበት የመመለስ ሕግ በ1950 ወጣ፤ በ1970 ሲሻሻል አይሁዳዊ ማለት ከአይሁዳዊት እናት የተወለደ ወይም ወደ ይሁዲነት የገባ ነው ብሎ ደነገገ። በማን እጅ የገባ የሚለውን አልተናገረም። በዚያ ክፍተት ላይ ሙግቱ ለአሥርተ ዓመታት ቀጠለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2021 በእስራኤል ውስጥ በተሐድሶና በወግ አጥባቂ ንቅናቄዎች የተፈጸመ ጊዩር፣ ማለትም ወደ ይሁዲነት የመግባት ሥርዓት፣ ለዜግነት ይበቃል ብሎ ወሰነ። ጋብቻ ግን አሁንም በዋናው ረቢነት እጅ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ለመታወቂያው አይሁዳዊ ሆኖ ለሠርጉ አይሁዳዊ የማይሆንበት ሁኔታ አለ።

በ2008 ደግሞ ከፍተኛው የረቢዎች ፍርድ ቤት በረቢ ሐይም ድሩክማን የሚመራው የመንግሥት የጊዩር አካል የተቀበላቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይሁዲነት ጥርጣሬ ላይ ጣለ። ልጆች ወልደው፣ ሰንበት እያከበሩ የኖሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ማንነታቸው ተናጋ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ውሳኔ በ2012 ሻረው። አስቀድሜ የጠቀስኩት የታልሙድ ሕግ፣ የገባ ሰው አይወጣም የሚለው፣ ለእንዲህ ያለ ቀን የተሰጠ ዋስትና ነበር። ዋስትናውን የነፈጉት ሕጉን እንጠብቃለን የሚሉ ሰዎች መሆናቸው ልብ ይሰብራል።

ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ የሚያውቁት የእኛው ወገኖች ናቸው። የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል ጌሮች አይደሉም። ስለ ጊዩር በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ ሳነሣቸው ይህን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። የግብፁ ሊቅ ዳዊት ቤን ዚምራ በ16ኛው መቶ ዓመት ከዳን ነገድ እንደሆኑ ጽፎ ነበር። ሴፋርዲም የሚባሉት አይሁድ ዋና ረቢ ዖባድያ ዮሴፍ በ1973 ያንን ይዞ አይሁድ ናቸው ብሎ ፈረደ፤ በ1975 የመመለስ ሕግ ተፈጻሚ ሆነላቸው። ሆኖም የሙሴ ዘመቻ በተባለው ጉዞ ሱዳንን አቋርጠው እስራኤል ሲደርሱ ዋናው ረቢነት ለጥንቃቄ ብሎ ሚክቬ እንዲገቡ፣ ወንዶቹም የደም ጠብታ እንዲሰጡ ጠየቀ። በውሃ መንጻት ለቤተ እስራኤል እንግዳ ነገር አልነበረም። በሰሜን ኢትዮጵያ ሲኖሩ ባዕድ ነክቷቸው እንኳ ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ወደ ቤት የማይገቡ ሰዎች ነበሩ። እንቢ ያሉት ውሃውን ሳይሆን ትርጉሙን ነው፤ ለሃይማኖታቸው መከራ የተቀበሉ ሰዎች ገና እንደሚገቡ ተቆጠሩ። በ1985 መጸው በኢየሩሳሌም ከዋናው ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። የነታንያው ረቢ ዳዊት ሸሉሽ የረቢ ዖባድያን ፍርድ ተከትለው ያለዚህ ሥርዓት ያጋቡ ጀመር። ዋናው ረቢነት ያንኑ ፍርድ በይፋ መቀበሉ የተነገረው በ2020 መጀመሪያ ነው።

የቤተ እስራኤል ቄሶች ሌላ ቁስል አለባቸው። በአገር ቤት ያጋቡ፣ ያፋቱ፣ ይዳኙና ሕዝቡን ይመሩ የነበሩ ሰዎች እስራኤል ሲገቡ የረቢነት ሥልጣን አልተሰጣቸውም። ከወጣቶቹ ግን ረቢዎች ወጡ። ረቢ ዮሴፍ ሐዳነ ከማኅበሩ የመጀመሪያው ሆነው የኢትዮጵያ አይሁድ ዋና ረቢ ሆኑ። በኢትዮጵያ የተወለዱት ረቢ ሻሮን ሻሎም ደግሞ በቂርያት ጋት ከአውሮፓ እልቂት የተረፉ አይሁድ ያቋቋሙትን ምኩራብ ይመራሉ።

ዘረ ቤተ እስራኤል የሚባሉት፣ አያቶቻቸው በተለያየ ግፊት ወደ ክርስትና የገቡባቸው ወገኖች፣ ዛሬም በጊዩር መንገድ ያልፋሉ። የሚመጡት በመመለስ ሕግ ሳይሆን በየጊዜው በሚወሰን የመንግሥት ውሳኔ ነው። በመቀበያ ማዕከል ሳሉ ይማራሉ፤ በመጨረሻ ቤት ዲን ይቀርቡና ሚክቬ ይገባሉ። ይህ ጊዩር በመንግሥት ችሎት የሚፈጸም ስለሆነ በዋናው ረቢነት ዘንድ ይታወቃል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ልጃቸው ዬሺቫ ገብቶ ረቢ ለመሆን ቢፈልግ፣ ጸሎት ሊመራ ቢቆም፣ የኦሪት ጥቅልል ሊጽፍ ቢቀመጥ የሚከለክለው ሕግ የለም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ሆኖ በግሉ ለሚጀምር ሰው ግን መንገዱ እንዲህ የተጠረገ አይደለም። ከመጀመሪያው ትምህርት በፊት ለረቢው ሁለት ጥያቄ ያቅርብ፤ ቤት ዲኑ እነማን ናቸው? ፊርማቸውስ እኔ በምኖርበትና ልጆቼ በሚያገቡበት አገር ይታወቃል? መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።